«አንተ ስንት መጽሐፍ ጻፍክ?»

ባለፈው ሰሞን አንድ የመጽሐፍ ምርቃት ላይ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። መድረኩ ላይ አበባ አለ፤ የታሸገ ውኃ አለ፤ ጥግ ላይ ክራር የሚቃኝ ልጅ አለ። ደራሲው አዲስ ኮቱን ለብሶ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። መቼም እንዲህ ያለ ቀን በሰው ዕድሜ ሁለት ሦስቴ ቢመጣ ነው፤ ደስ ይላል።

እናላችሁ፣ ዳሰሳ አቅራቢው ተነሡና «መጽሐፉ የደረሰኝ ትናንት ማታ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ አላገኘሁም» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ያላነበቡትን መጽሐፍ አርባ ደቂቃ ሙሉ አሞገሱት። ደራሲውን ሐዲስ አለማየሁ አጠገብ አስቀመጡት። ሁለተኛው ተናጋሪ መጡና ደግሞ ከሐዲስ አለማየሁ ከፍ አድርገው ሰቀሉት። ቤቱ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ?

ቀጥሎ «ጥያቄ ወይም አስተያየት ያለው?» ተባለ። ከኋላ አንድ ወጣት እጁን አወጣ። «መጽሐፉን ገበያ ላይ እንደዋለ ገዝቼ ጨርሼዋለሁ» አለ። «አጀማመሩ ጥሩ ነው። ከመሃል ወዲህ ግን ሰዎቹ ሁሉ በአንድ አፍ ነው የሚያወሩት። ገበሬውም፣ ዶክተሩም፣ የቡና ቤቷ ሴትዮም እኩል ይፈላሰፋሉ። እውነት ለመናገር፣ ሰለቸኝ።» በቃ፣ ያለው ይሄንን ብቻ ነው። አልተሳደበም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገም።

ደራሲው ማይክራፎኑን ተቀበለ። ፊቱ በርበሬ መስሏል። «ለመሆኑ አንተ ስንት መጽሐፍ ጻፍክ?» አለው። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቁጭ አለ። ጉድ እኮ ነው! በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል መጽሐፉን ማንበቡን በርግጠኝነት ያወቅነው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ያ ጭብጨባ ነው ዛሬ ይሄንን የሚያጽፈኝ።

እኔ የምለው፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል ለማለት ዶሮ ማርባት ያስፈልጋል እንዴ? ልብስ ሰፊው እጅጌዬን አሳጥሮ ቢሰፋው «እስቲ አንተ ሰፍተህ አሳየኝ» ይለኛል? ቢለኝስ ሁለተኛ ደጁን እረግጣለሁ? ነገሩ መጽሐፍ ሲሆን ጊዜ ግን ይሄ የማይረባ ጥያቄ እንደ ጥበብ ይጨበጨብለታል። አንባቢው ከኪሱ ከፍሏል። ከገንዘቡ በላይ ደግሞ ሦስት አራት ምሽቱን ሰጥቷል። ገንዘቡ ተመልሶ ይገኝ ይሆናል፤ ምሽቱ አይመለስም። ያ ሰው «ደስ አላለኝም» የማለት መብቱን አብሮ ከመጽሐፉ ጋር ነው የገዛው።

አትሳሳቱ፣ የደራሲውን ሕመም እያቃለልኩ አይደለም። እኛ አገር መጽሐፍ ማሳተም ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ብዙው ደራሲ አሳታሚ የለውም፤ አሳታሚው ራሱ ነው። ዕቁቡን ለምኖ ቀድሞ ይወስዳል፤ ከዘመድ ይበደራል፤ የሚስቱን ወርቅ ያስይዛል። ለማተሚያ ቤቱ ቀብድ ይከፍላል። «ወረቀት ጨመረ» ሲሉት ይጨምራል። መጽሐፉ ሲወጣ ደግሞ አከፋፋዩ ከሽፋን ዋጋው ላይ ድርሻውን ይቆርጣል፤ የተረፈችውም ብትሆን «ሲሸጥ እንተሳሰባለን» ናት። ያልተሸጠው በካርቶን እንደታሸገ አልጋ ሥር ይገባል።

እንዲህ ሆኖ ለወጣ መጽሐፍ «ሰለቸኝ» ሲባል ደራሲው የሚሰማው ስለ መሃለኛው ምዕራፍ አይደለም። ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ዕዳው፣ ስለ ሚስቱ ወርቅ ነው። በሆዱ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል። ይሄ ሰው መሆን ነው። ሂስ የማያመው ጸሐፊ አለ ቢሏችሁ አትመኑ፤ ወይ ዋሽቷል፣ ወይ ለሚጽፈው ነገር ደንታ የለውም።

እንግዲህ ጥፋቱ መታመሙ ላይ አይደለም፤ ሕመሙን የምናክምበት መድኃኒት ላይ ነው። እኛ የብዕር ሰዎች የለመድናቸውን መድኃኒቶች እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው «ምቀኛ ነው» የሚለው ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየትም ይገኛል፤ ወዳጅ ሁሉ በነፃ ያድላል። ጎበዝ፣ መንገድ ላይ ቢያገኝህ የማያውቅህ ሰው በምንህ ይቀናል? በካርቶንህ? የዚህ መድኃኒት ክፋቱ ደግሞ ሥራ ማስፈታቱ ነው። ሰውዬውን «ምቀኛ» ካልከው በኋላ የጠቀሰውን ገጽ ገልጠህ ማየት አይኖርብህም።

ሁለተኛው «አልገባውም» ነው። ይሄኛው ትንሽ የተማረ መድኃኒት ነው፤ ምስክርም ይጠራል። «የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስም በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ አይገባም ተብሎ ነበር» ይባላል። እውነት ነው፣ አደፍርስ ለብዙ አንባቢ ከብዶት ነበር፤ ዛሬ ከትልልቆቹ ልቦለዶቻችን አንዱ ተብሎ ይጠራል። ግን ወዳጄ፣ ያልገባ መጽሐፍ ሁሉ አደፍርስ አይደለም! አንዳንዱ የማይገባው ደራሲውም ስላልገባው ነው። «ትውልዱ አያነብም» የሚባለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ይሄ አያነብም የሚባለው ትውልድ እኮ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ፍቅር እስከ መቃብርን ዛሬም ይገዛል።

ሦስተኛው መልስ መጻፍ ነው። አንባቢ በግማሽ ዓምድ ለሰጠው አስተያየት ደራሲው ሙሉ ገጽ መልስ ይዞ ብቅ ይላል፤ «ክፍል ሁለት ይቀጥላል» ብሎም ያስፈራራናል። ስለ መጽሐፉ ሊያስረዳን ነው ስንል ስለ አስተያየት ሰጪው ትምህርት ደረጃ ያስረዳናል። አንድ ነገር ልንገራችሁ? በማብራሪያ የተወደደ ልቦለድ አላየሁም። ቀልድ ነግሮ ያልሳቀለት ሰው ቀልዱን ቢተነትነው ማን ይስቅለታል?

አራተኛው ከሁሉ ይጣፍጣል። እርስ በርስ መሞጋገስ! አንተ የእኔ መጽሐፍ ጀርባ ላይ ትጽፍልኛለህ፤ እኔ የአንተ ምርቃት ላይ እናገርልሃለሁ። ይሄ እንደ ማስታገሻ ኪኒን ነው፤ ጥርሱ እየበሰበሰ ሕመሙ ብቻ ይጠፋል። አባቶቻችን «የሚጠላህ ያስቅሃል፣ የሚወድህ ያስለቅስሃል» ያሉት እኮ እንዲህ ያለው አዳራሽ ገብተው ያዩ ይመስል ነው።

ለምን እንዲህ ሆንን? እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ከደራሲው ባሕርይ ይሰፋል። «ሂስ» የሚለው ቃል ራሱ እኛ አገር በደህና ቦታ አልዋለም። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» ይባል ነበር፤ ሰው ስብሰባ መሃል ተነሥቶ ባልደረባውን የሚከስበት፣ ተከሳሹም ተነሥቶ ራሱን የሚኮንንበት። ቀጥሎ በኢሕአዴግ ጊዜ «ግምገማ» መጣ፤ ጠዋት ባለወንበር የነበረ ሰው ማታ ተገምግሞ ይወርድ ነበር። በዚህ ያለፈ ማኅበረሰብ «አንድ አስተያየት አለኝ» ሲባል ቀድሞ የሚመጣበት «ማን ልኮህ ነው?» ቢሆን አይፈረድበትም።

የሥነ ጽሑፋችን ቁስል ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ኦሮማይን አወጣ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ያ ሂስ አልነበረም፣ ወንጀል ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ መለየት የሚያቅተን። የተቆጣ መንግሥትና የተሰላቸ አንባቢ አንድ አይደሉም! ከኋላ ወንበር ተነሥቶ «ሰለቸኝ» ያለው ልጅ ፖሊስ የለውም፣ እስር ቤት የለውም፤ ያለው በገንዘቡ የገዛው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። ባለሥልጣን ላይ ልናወጣው ያልቻልነውን ቁጣ እሱ ላይ ስናወጣ ጀግንነት ይመስለናል።

ደግሞ «ባህላችን ሂስ አይችልም» የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። የቅኔ ቤትን ያየ ይመስክር። ተማሪው ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። የኔታ ያርሙታል። ቤት ያልመታውን፣ ሰምና ወርቁ ያልተገናኘውን እዚያው ጓደኞቹ እየሰሙ ይነግሩታል። ጓደኞቹም ቢሆኑ ምሕረት የላቸውም። ቅኔው ሲያምር «ይበል!» ይባላል፤ ካላማረ «ይበል» የለም። ልጁ ያፍራል፤ ምናልባት ማታ ጎጆው ገብቶ ያለቅሳል። ጠዋት ግን ሌላ ቅኔ ቆጥሮ ይመጣል። «የኔታ፣ ይቀኑብኛል» ብሎ የተመረቀ ባለቅኔ የለም። ለእኛ ለዛሬዎቹ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ የኔታችን አንባቢው ነው።

በዘመናዊው ጽሑፋችንም ቢሆን ነገሩ ከጥንት የነበረ ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የታሪክ መጽሐፍ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1909 ሮም ላይ አሳተሙ። ብዙ ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚለው ጽሑፋቸው፣ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሞገቷቸው። የሙግቱ ፍሬ ነገር አፈወርቅ ለምኒልክ አድልተው ዮሐንስን አሳንሰዋል የሚል ነበር። ገብረ ሕይወት ግን «አድልተዋል» ብለው ብቻ አልተዉትም። ታሪክ የሚጽፍ ሰው የተደረገውን የሚያስተውል ልቡና፣ የማያዳላ ፍርድና በቋንቋ የመግለጽ ችሎታ ያስፈልገዋል ሲሉ መለኪያውን ጭምር አስቀመጡ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ዛሬም ሁለቱንም እናነባለን።

እስካሁን ሌላውን ስወቅስ ቆየሁ። አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር፤ ሆድ ያባውን እንዲሉ።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የአጫጭር ልቦለዶች መድብል አሳትሜ ነበር። ከዓመት በኋላ መርካቶ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት አንዱ ዘንድ ቆሜ ሳገላብጥ የራሴን መጽሐፍ አገኘሁ። ባለቤቱ ሸጦታል ማለት ነው። ይሄ ራሱ አንድ ሐዘን ነው። ገለጥ ሳደርገው ህዳጉ ላይ በእርሳስ ተጽፎበታል። ገጽ 12 ላይ «እሺ» ይላል። ገጽ 31 ላይ «ይሄ ቀልድ ገጽ 9 ላይም አለ» ይላል። ገጽ 58 ላይ «እናትየዋን አላመንኳትም»። ገጽ 74 ላይ ደግሞ በትልልቁ «በሐምሌ ጤፍ ይዘራል እንጂ ይታጨዳል እንዴ?!» ተብሏል። ገጽ 87 ላይ አንዲት ቃል ብቻ አለች፤ «በቃኝ»። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ እርሳስ አልነካውም።

ወዲያው ገዛሁት። ለምን? ሌላ ሰው እንዳያየው! ታክሲ ውስጥ ሆኜ ከማላውቀው ሰው ጋር እየተሟገትኩ ቤቴ ደረስኩ። ሳምንቱን ሙሉ አንድ መስመር መጻፍ አልቻልኩም። ራቴን አልበላ አልኩ፤ ባለቤቴን ያለ ጥፋቷ ተቆጣኋት። አንድ ወዳጄ ሲሰማ «ተወው ባክህ፣ ምቀኛ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አላደረም፤ ሌሊት ስገላበጥ አንድ ነገር መጣብኝ። ይሄ ሰው እኮ የጻፈው እኔ አየዋለሁ ብሎ አይደለም። ሊያዋርደኝ አልፈለገም፤ ሊያስደስተኝም አልፈለገም። ብቻውን ተቀምጦ ለራሱ ነው የጻፈው። የምርቃቴ ዕለት ከተናገሩት ሰዎች አንዱም እንዲህ አላነበበኝም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መጽሐፉን ከፈትኩት። ቀልዷ እውነትም ሁለት ቦታ ተቀምጣለች። ጤፉንም በሐምሌ አሳጭጄዋለሁ፤ የከተማ ልጅ መሆኔ ታወቀብኝ! በእናትየዋ ነገር ግን ዛሬም አልስማማም፤ እሷን አውቃታለሁ፣ እንደዚያ ነበር የምታደርገው። «በቃኝ» ለምትለው ደግሞ መልስ የለኝም። በቃው፣ ምን ይደረግ? የሰው ምሽት ላይ ሥልጣን የለኝም። እንግዲህ ሁለቱን ተቀብዬ አረምኩ፤ አንዱን ይዤ ተሟገትኩ፤ አንዱን ዝም ብዬ ዋጥኩ። ሕመሙ ጠፋ አልላችሁም። መልክ ያዘ።

በነገራችን ላይ፣ ሂስ ደራሲን ይገድላል የሚል አፈ ታሪክ አለ። እንግሊዛዊው ገጣሚ ጆን ኪትስ እ.ኤ.አ. በ1818 ረጅም ግጥም ቢያሳትም ትልልቅ መጽሔቶች ተባብረው ቀጠቀጡት። ኪትስ የሕክምናና የመድኃኒት ሙያ የተማረ ነበርና አንደኛው መጽሔት ወደ መድኃኒት ቤትህ ተመለስ አለው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ25 ዓመቱ ሲሞት ወዳጆቹ «ሂሱ ገደለው» ብለው አወሩ። የገደለው የሳንባ ነቀርሳ ነው። አፈ ታሪኩ የሚዘለው ግን ዋናውን ነገር ነው። ያ ስድብ በወረደበት ማግስት፣ በ1819፣ ኪትስ ዛሬ የሚታወቅባቸውን ታላላቅ ግጥሞች ጻፈ።

ሩሲያዊው አንቶን ቼኾቭም አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1896 ፒተርስበርግ ላይ «የባሕር ወፍ» የተባለ ቴአትሩ ሲታይ ተመልካቹ ሳቀበት፤ አፏጨበት። ቼኾቭ ሾልኮ ወጣ፤ በሌሊት ከተማውን ሲዞር አመሸ፤ ዳግመኛ ቴአትር አልጽፍም ብሎ ማለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ቴአትር በሞስኮ ተወደደ። መሐላውን አፍርሶ «ሦስቱ እኅትማማቾች»ንና «የቼሪ አትክልት»ን ጻፈልን። ልብ በሉ፣ አልታመመም ነበር አላልኩም። ታሞ መንገድ ለመንገድ ዞሯል። ግን ተመልካቹን «አንተ ስንት ቴአትር ጻፍክ?» አላለም።

አሁን ለአንባቢም አንዲት ቃል አለችኝ። ሁሉም አስተያየት እኩል አይደለም። «ገጽ 74 ላይ ጤፉ ያለ ወቅቱ ታጭዷል» የሚል አለ፤ ይሄ ወርቅ ነው። «አልጣመኝም» የሚል አለ፤ ይሄም መብት ነው፣ ምክንያት አምጣ ተብሎ አይከሰስም። «ደራሲው የእንትን ዘር ስለሆነ ነው፤ ድሮም አስተዳደጉ ነው» የሚል ደግሞ አለ። ይሄኛው መጽሐፍ አልገመገመም፤ ሰው ነው ያዋረደው። ዛሬ ስልክ በየኪሱ ስላለ ይሄኛው በዝቷል። እሱን ደራሲው የማንበብ ግዴታ የለበትም፤ እንደ መንገድ ላይ ጭቃ ዘሎ ያልፈዋል። የሚያሳዝነው ግን ብዙ ደራሲ ሦስተኛውን ሰበብ አድርጎ የመጀመሪያውንም አብሮ ይጥላል።

እና ደራሲ ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ምን ይደረግ? ሲያምህ ይመምህ፤ ቤትህ ገብተህ ተናደድ፤ ለሚስትህ ሳይሆን ለትራስህ ንገር። በዚያ ሳምንት ግን ማይክራፎን አትጨብጥ፣ መልስ አትጻፍ፣ ስልክ ደውለህ «ለምን?» አትበል። ቁጣህ ሲበርድ የተጠቀሰውን ገጽ ግለጥ። እውነት ከሆነ አርም፤ ካልሆነ ያዝ። የምትይዘውን በሚቀጥለው መጽሐፍህ አስመስክር። ከዚያ በላይ መከራከሪያ አልተሰጠንም።

ዝምታን ፍራ እንጂ ሂስን አትፍራ። ያ ልጅ ከኋላ ወንበር ሲነሣ እኮ አንድ ሰው ሰለቸኝ አለ። ስንቱ ግን ሰልችቶት ገጽ 40 ላይ መጽሐፉን አጥፎ፣ ምርቃቱ ላይ መጥቶ አጨበጨበ? እሱ ለሚቀጥለው መጽሐፍህ ገንዘብ አያወጣም፤ ለምን እንደማያወጣም አይነግርህም። ልጁን አሳፍረን ባስቀመጥነው ቁጥር የዚህን ሰው ቁጥር እያበዛን ነው። በዚያ ቀን ያጨበጨብን ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ለደራሲው ውለታ የዋልንለት መስሎን ነበር፤ አንድ እውነተኛ አንባቢውን ነው ያባረርንበት።

ልጁን ምርቃቱ ሲያልቅ በር ላይ ፈልጌ አጣሁት። ካነበበኝ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የእኔም መጽሐፍ እጁ ገብቶ እንደሆነ አደራ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ህዳጉ ሰፊ ነው፤ እርሳሱን አያስቀምጥ።